ጭሱ ወዴት ይሄዳል? ከረንቱስ በየት ይመለሳል? በሞተር ስለሚሠራ የብየዳ ማሽን

ከኮዬ ፈጬ እስከ ለገጣፎ፣ ከቡራዩ እስከ ገላን፣ በአዲስ አበባ ዳር ዳር ቤት የሚሠራ ሰው መብራት እስኪገባለት አይጠብቅም። ግንቡ ይቆማል፣ ጣሪያው ይመታል፣ በርና መስኮቱ ይገጠማል። ቆጣሪው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ አንዳንዴም ብዙ ቆይቶ። ስለዚህ በያጁ መብራቱን ራሱ ይዞ ይመጣል። በፒክአፕ ወይም በጋሪ የሚጫን፣ በቤንዚን ወይም በናፍጣ የሚሠራ ሞተር ነው። ሞተሩ ጄኔሬተር ያዞራል። ጄኔሬተሩ በአንድ በኩል ለብየዳ የሚሆን ከረንት ይሰጣል፤ በሌላ በኩል ደግሞ ለግራይንደርና ለድሪል 220 ቮልት ይሰጣል። ሁለቱ አንድ ላይ የተሠሩበት ማሽን አለ። ብዙ ሰው ግን ተራ ጄኔሬተር ላይ ኢንቨርተር የሚባለውን ትንሽ የኤሌክትሮኒክ ብየዳ ማሽን ሰክቶ ይሠራል። የምጽፈው ለሁለቱም ነው፤ ለባለ ማሽኑም፣ ግቢውን ለሚከፍትለት ባለ ቤትም።

ሰው ከዚህ ማሽን የሚፈራው ብልጭታውን ነው። ብልጭታው ዓይን ይጎዳል፤ እመለስበታለሁ። ነፍስ የሚነጥቁት ግን የማይታዩት ናቸው፤ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ጋዝና መንገዱን የሳተ ከረንት። ስለዚህ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ሁለት ነገር ተጠያየቁ። ጭሱ ወዴት ይሄዳል? ከረንቱስ በየት ይመለሳል? ለሁለቱም እርግጠኛ መልስ ከሌለ የማስነሻ ገመዱን አትሳቡ።

ጭሱ

ሞተር ነዳጅ ሲያቃጥል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ቀለም የለውም። ሽታ የለውም። ዓይን አያቃጥልም፣ ጉሮሮ አይከረክርም። እኛ የምናሸተው ሌላውን የጭሱን ክፍል ነው። ጭሱ ብዙም ስላልሸተተ ጋዙ የለም ማለት አይደለም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ይህን ጋዝ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ሰውየው ይተነፍሳል፣ ሳንባው ይሠራል፣ ነገር ግን ኦክስጅኑ ወደ አንጎሉና ወደ ልቡ አይደርስም።

በብርድ ሌሊት በርና መስኮት ዘግተው ከሰል ያነደዱ ቤተሰቦችን የሚገድለው ይኸው ጋዝ ነው። ስለ ከሰል ሁላችንም እናውቃለን። ስለ ጄኔሬተር ግን የዚያን ያህል አይወራም። ይህ በጣም ያሳስበኛል።

አደጋው ብዙ ጊዜ የሚመጣው በደግነት ነው። ዝናብ ይጀምራል። የቤቱ እመቤት ብቅ ብለው «ልጄ፣ ማሽንህ በሰበሰ እኮ! በረንዳው ላይ አስጠጋው» ይላሉ። «እሺ እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ያስጠጋዋል። በረንዳው ከሳሎኑ በር አንድ እርምጃ ነው። መስኮቱ ገና መስታወት አልገባለትም። ጭሱ ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ይገባል። ውስጥ ግድግዳ የሚለስኑ ሰዎች አሉ። ትንሽ ቆይቶ ራሳቸውን ያማቸዋል፤ ያዞራቸዋል፤ ያቅለሸልሻቸዋል፤ ጉልበታቸው ይከዳቸዋል። አንዱ «ምሳ ስላልበላሁ ነው» ይላል። ሌላው «ብርዱ ነው» ይላል። ሁለት ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመው፣ ወጣ ሲልም ከተሻለው፣ ጉዳዩ ምሳም ብርድም አይደለም። ወዲያው ሁሉም ይውጣ፤ ሞተሩም ይጥፋ።

ርቀቱን እንነጋገር። ሞተሩ ከማንኛውም በር፣ መስኮትና የአየር ቀዳዳ ቢያንስ 6 ሜትር መራቅ አለበት። የጭስ ማውጫው አፍ ከቤቱ ተቃራኒ ይዙር። 6 ሜትር ሲባል የራሳችሁን መስኮት ብቻ አትቁጠሩ። በእነዚህ ሰፈሮች ግቢው ጠባብ ነው። አጥሩም ቆርቆሮ ነው። ከአጥሩ ማዶ የጎረቤት መኝታ ቤት ሊኖር ይችላል፤ ውስጡም አራስ ትኖር ይሆናል። ግቢው ካልበቃ ሞተሩን ውጭ መንገድ ዳር አውጡትና ገመዱን አስረዝሙት።

«ቤቱኮ ገና ነው፣ በር የለውም፣ አየር ይገባል» የሚል ክርክር እሰማለሁ። ጣሪያ የተመታለትና ሦስት ግድግዳ የቆመለት ቤት ለዚህ ጋዝ ክፍል ነው። በር መክፈት አይበቃም። ቬንትሌተር ማዞርም አይበቃም። ለፋውንዴሽን የተቆፈረ ጉድጓድ፣ ምድር ቤት፣ ኮንቴይነር፣ ሸራ የተጣለበት ቦታ ሁሉ እንደ ዝግ ክፍል ይታይ።

ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ የሌሊቱ ነው። ማሽን ይሰረቃል፤ ይህ እውነት ነው። ስለዚህ ሌሊት ለመብራት የሚሠራውን ጄኔሬተር ጥበቃው ከሚተኛባት የቆርቆሮ ቤት አስገብተው ያስነሱታል። የተኛ ሰው ራስ ምታቱን አይሰማውም። ማዞሩ አይቀሰቅሰውም። ሌባ የሚያሰጋችሁ ከሆነ ማሽኑን ውጭ ላይ ከተቀበረ ብረት ጋር በወፍራም ሰንሰለት እሰሩት። ሞተሩ እየሠራ ከሆነ ደግሞ ድምፁ ራሱ ጠባቂ ነው፤ ሲቆም ሁሉም ይነቃል።

ለዝናቡ መፍትሔ አለው። አራት እንጨት ተክላችሁ ከላይ ቆርቆሮ ምቱበት። አራቱም ጎን ክፍት ይሁን። ከቤቱ ይራቅ። ማሽኑ ብሎኬት በተደረደረበት ደልዳላ ቦታ ላይ ይቀመጥ፤ ዘንበል ካለ ዘይቱ ወደ አንድ ወገን ይሄድና ሞተሩ ይጎዳል። ላስቲክ ማርሚታው ላይ አታልብሱ፤ ይቀልጣል፣ ይቀጣጠላል።

ከፍታው

ይህን ክፍል ለብቻው የማነሳው ብዙ ሰው ስለሚዘለው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ወደ አቃቂ ሲወርዱ 2,100 አካባቢ ይሆናል፤ እንጦጦ ላይ ደግሞ 3,000 ያልፋል። እዚህ አየሩ ስስ ነው። ሞተር ኃይል የሚያገኘው ነዳጅን ከአየር ጋር አቀላቅሎ ነው። አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱ ይቀንሳል። ተርቦ (አየር አምቆ የሚያስገባ ክፍል) የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 ከመቶ ወይም ከዚያ ትንሽ በላይ ያጣል። እኛ ጋ ሲደርስ ሩብ ያህሉ ሄዷል ማለት ነው።

በቁጥር እንየው። ጎኑ ላይ 5 ኪሎዋት ተብሎ የተጻፈበት ጄኔሬተር እዚህ 3.7 ገደማ ነው። ባለ 3.2 ሚሊሜትር ኤሌክትሮድ (እየቀለጠ የሚበይደው ዘንግ) በ120 አምፒር ስትበይዱ አርኩ ላይ፣ ማለትም በኤሌክትሮዱና በብረቱ መካከል በሚነደው ብልጭታ ላይ፣ 25 ቮልት አካባቢ ይኖራል። 120 ሲባዛ በ25፣ 3 ኪሎዋት። ይህ አርኩ ላይ የሚደርሰው ብቻ ነው። ማሽኑ ራሱ የሚያባክነው ሲጨመር ከጄኔሬተሩ የሚጠየቀው ወደ 4 ኪሎዋት ይጠጋል። ስለዚህ ያ «5 ኪሎዋት» የተባለው ያቃስታል። አንዱ እየበየደ ሌላው ግራይንደር ሲያስነሳማ ጨርሶ ይንበረከካል። በ2.5 ሚሊሜትር ኤሌክትሮድ፣ ከ60 እስከ 90 አምፒር ባለው መሥራት ግን ይቻላል። በርና መስኮት ለሚሆን ቱቦላሬ ደግሞ ይበቃል። ልትገዙ ከሆነ ጎኑ ላይ ከተጻፈው ይህን ሩብ ቀንሳችሁ አስቡ። ኬቪኤ ተብሎ ከተጻፈ ደግሞ በ0.8 አባዙና ኪሎዋቱን አግኙ።

ሞተሩ ሲያቃስት አንዳንድ ሰው የጋቨርነሩን (የሞተሩን ዙር የሚቆጣጠረውን ክፍል) ብሎን አጥብቆ ዙሩን ይጨምራል። ይህን አታድርጉ። አብዛኛው ትንሽ ጄኔሬተር በደቂቃ 3,000 ዙር እንዲዞር የተሠራው 50 ኸርዝና 220 ቮልት እንዲሰጥ ነው። ዙሩን ስትጨምሩ ቮልቱም ድግግሞሹም ይዛባል። የተሰካው ዕቃ ይቃጠላል፤ ሞተሩም ከአቅሙ በላይ ይዞርና ሊፈነዳ ይችላል።

ከፍታው ከደኅንነቱም ጋር ይያያዛል። ካርቡሬተር ያለው ሞተር ለዝቅተኛ ቦታ ተስተካክሎ ከመጣ እዚህ ሲሠራ ነዳጁ ከአየሩ ይበዛበታል። ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላው በጥላሸት ይደፈናል፣ ቤንዚን ይበላል። ነዳጅ ሲበዛ ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይዱም ይጨምራል። በዚያ ላይ የምንተነፍሰው አየር ኦክስጅኑ ቀድሞውንም ያነሰ ነው። ስለዚህ 6 ሜትሩ ለኛ ቢበዛ እንጂ ሊያንስ አይገባም። መካኒክ ካርቡሬተሩን ለከፍታ ሊያስተካክለው ይችላል። ግን ያንኑ ማሽን ጭናችሁ ወደ መተሐራና አዋሽ ለሥራ ከወረዳችሁ መልሳችሁ አስተካክሉት። ቆላ ላይ ነዳጁ ያንስበትና ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል።

ከረንቱ

ብየዳ ክብ መንገድ ነው። ከረንቱ ከማሽኑ ይወጣል፣ በኬብሉ ወደ ኤሌክትሮዱ ይሄዳል፣ በአርኩ ወደ ብረቱ ይገባል፣ ከዚያ በመልስ ኬብሉ መቆንጠጫ በኩል ወደ ማሽኑ ይመለሳል። ይህ መንገድ አጭርና ንጹሕ ከሆነ ሰላም ነው። መቆንጠጫው የዛገ ወይም ቀለም የተቀባ ብረት ላይ ከሆነ፣ ወይም ከሚበየደው ቦታ በጣም ከራቀ፣ ከረንቱ ሌላ መመለሻ ይፈልጋል። ያገኘውን ይጠቀማል።

በግንባታ ቦታ ላይ የተለመደ ነገር አለ። መቆንጠጫው አንድ ኮለን ላይ የወጣ ፌሮ ይነክሳል፤ ብየዳው ግን ሌላ ጥግ ላይ ነው። ከረንቱ በግንቡ ውስጥ ባለው ፌሮ፣ በውሃ ቧንቧ፣ በሰንሰለት ወይም በግራይንደሩ የግራውንድ (የመከላከያ) ሽቦ በኩል ይመለሳል። የግራይንደሩ ሽቦ ይህን ሁሉ አምፒር ሊሸከም አይችልም። ውስጥ ውስጡን ይነድዳል። ሽቦው ከተቃጠለ በኋላ ግራይንደሩ መሥራቱን ይቀጥላል፤ መከላከያው ግን የለም። ቀጥሎ የሚይዘው ሰው ይህን አያውቅም።

መፍትሔው ቀላል ነው። መቆንጠጫውን ከምትበይዱት ቦታ አጠገብ፣ እዚያው ብረት ላይ ንከሱት። ቦታውን በብሩሽ ወይም በግራይንደር አንጹት። መኪና ላይ የምትሠሩ ከሆነ ባትሪውን ፍቱ፤ መቆንጠጫው እዚያው አጠገብ ይሁን። ከረንቱ በጎማው ኩሽኔታ በኩል እንዲያልፍ ካደረጋችሁ ኩሽኔታው ይበላሻል፤ ጉዳቱ የሚታወቀው መንገድ ላይ ነው።

«220 ነው የሚገድለው፣ የብየዳው ምን ያደርጋል» የሚሉ አሉ። የብየዳ ማሽን ሳይበይድ ክፍት ሲቆም ኤሌክትሮዱ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ60 እስከ 80 ቮልት፣ አንዳንዱ ላይም ከዚያ በላይ ይኖራል። ደረቅ እጅ፣ ደረቅ ጓንትና ደረቅ ጫማ ላለው ሰው ይህ ብዙ ላይሆን ይችላል። በላብ የራሰ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጭቃ ውስጥ ቆሞ፣ ጀርባውን ብረት ላይ አስደግፎ ኤሌክትሮድ ለሚቀይር ሰው ግን ልብ ለማቆም ይበቃል። የክረምት ጭቃ ላይ ስትሠሩ ደረቅ ጣውላ ወይም ጎማ ምንጣፍ ላይ ቁሙ። ጓንቱ ሲርስ የሚቀየር ሌላ ጓንት ይኑር። ኤሌክትሮድ መያዣውን ብብት ሥር ሸጉጦ መሰላል መውጣት ይቅር። የመያዣው ሽፋን ከተሰነጠቀ በፕላስተር አትጠግኑት፤ ቀይሩት፤ ውድ ዕቃ አይደለም። ምርጫ ካላችሁ ዲሲ የሚሰጥ ማሽን ከኤሲው የተሻለ ነው፤ ከረንቱ ሰው ሲይዝ ጡንቻን የማሰር ኃይሉ ያንሳል።

አሁን ወደ 220ው እንምጣ። ብዙ ተንቀሳቃሽ ጄኔሬተሮች ኒውትራላቸው (የ220ው መመለሻ ሽቦ) ከማሽኑ አካል ጋር አልተገናኘም። እንዲህ ሲሆን ከረንት ሲያፈተልክ ይቆርጣል የምትሉት ባለ 30 ሚሊአምፒር ብሬከር እንደጠበቃችሁት ላይሠራ ይችላል። ያፈተለከው ከረንት የሚመለስበት መንገድ ስለሌለ ብሬከሩ ልዩነቱን አያይም። አንድ ብልሽት ሲኖር ምንም አይሰማም። ሁለተኛ ብልሽት ሲጨመር ሰው መሐል ይገባል። ስለዚህ ማሽኑን ስትገዙ ወይም ስትከራዩ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ኤሌክትሪሻን በመልቲሜትር ኒውትራሉንና አካሉን ይለካላችሁ። አገናኝቶ ወይም ፈትቶ መቀየር ግን የማሽኑ መመሪያ የሚለውን አይቶ በባለሙያ ብቻ የሚሠራ ነው።

መሬት ላይ የግራውንድ ዘንግ መትከል አለብን ወይ? ዕቃዎቻችሁ ሁሉ ማሽኑ ላይ ባሉት ሶኬቶች ብቻ የሚሰኩ ከሆነና የሶኬቱ ግራውንድ ከማሽኑ አካል ጋር ከተያያዘ፣ የብዙ አምራቾች መመሪያ ዘንግ አይጠይቅም። የቤቱን መስመር የምትመግቡ ከሆነ ግን ይጠይቃል። የራሳችሁን ማሽን መመሪያ አንብቡ።

የቤቱን መስመር ስለ መመገብ ካነሳን አንድ ገመድ አለ፤ ሁለቱም ጫፉ ስፒና ነው። አንዱ ጄኔሬተሩ ላይ፣ ሌላው የቤቱ ሶኬት ላይ ይሰካል። መብራት ሲጠፋ ቤቱ ሁሉ ቦግ ይላል። ይህን ገመድ ካያችሁ ቁረጡት። ከመንገዱ ላይ ያለው ትራንስፎርመር 15,000 ቮልቱን አውርዶ ነው ለቤት የሚሰጠው። ከቤት በኩል ከተገፋበት ደግሞ በተቃራኒው ያወጣዋል። መብራት ጠፍቷል ብሎ ፖል ላይ የወጣው ሠራተኛ ከእናንተ ጄኔሬተር የመጣውን ከፍተኛ ቮልት ይይዛል። መብራቱ ድንገት ከመጣ ደግሞ ከጄኔሬተሩ ጋር ይጋጫል፤ ጄኔሬተሩ ይቃጠላል፣ ቤትም ሊያቃጥል ይችላል። ስፒናው አንድ ጫፉ ተነቅሎ ሲንጠለጠል የሚታየው ብረት ራሱ 220 ቮልት ነው፤ ሕፃን ቢነካውስ? ትክክለኛው ቼንጅ ኦቨር ማስገጠም ነው። ቼንጅ ኦቨሩ ቤቱን ወይ ከመንገዱ ወይ ከጄኔሬተሩ ያገናኛል እንጂ ከሁለቱም ጋር በአንድ ጊዜ አያገናኝም።

ማራዘሚያ ገመድ ስትጠቀሙ ከጥቅልሉ ሙሉ በሙሉ ፍቱት። ተጠቅልሎ ከባድ ዕቃ ሲሠራበት ሙቀቱ መውጫ ያጣና ፕላስቲኩ ይቀልጣል።

በርሜል

ስለ በርሜል አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። በየሰፈሩ በርሜል ለሁለት ይቆረጣል፤ ለውሃ ማጠራቀሚያ፣ ለምድጃ፣ ለቆሻሻ። በርሜሉ ቀድሞ ናፍጣ፣ ቤንዚን፣ ዘይት፣ ቲነር ወይም ሬንጅ ይዞ ይሆናል። ባዶ ነው ይባላል። ባዶ አይደለም። ታች የቀረው ጥቂት ፈሳሽ ተንኖ ከውስጡ አየር ጋር ሲቀላቀል ለመፈንዳት የተዘጋጀ ነገር ይሆናል። ወፍራም ዘይትም ቢሆን አይምራችሁ። ሲቀዘቅዝ አይተንም፤ የብየዳው ሙቀት ሲነካው ግን ይተንና ይቀጣጠላል። ክዳኑን መክፈት አያድንም። አንዴ በኦሞ ማጠብም አያድንም። የግራይንደር ብልጭታም ከብየዳው እኩል ያፈነዳዋል።

እንዲህ ያለውን በርሜልና ታንክ የሚያጸዱ ባለሙያዎች በእንፋሎት ያጥባሉ፣ የውስጡን አየር በመሣሪያ ይለካሉ። ያ መሣሪያ በእጃችሁ ከሌለ ሥራውን አትቀበሉ። «ወንድሜ፣ ሌላ በርሜል አምጣ» ማለት ነውር የለውም። የምግብ ዘይት የነበረበትንም ቢሆን በጥርጣሬ እዩት። ሁለቱም አፉ የታሸገ ቧንቧ ላይም ቢሆን ከመበየዳችሁ በፊት አየር የሚወጣበት ቀዳዳ ይበሳ፤ ውስጡ ውሃ ካለ ሲሞቅ እንደ ቦምብ ይሆናል።

የብልጭታው ፍንጣሪ 10 ሜትርና ከዚያ በላይ ሊሄድ ይችላል። በበጋ፣ በተለይ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነፋሱ ሲበረታ፣ በዙሪያው ያለው ጭድ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ የእንጨት መወጣጫና ስፖንጅ ሁሉ ደረቅ ነው። አካባቢውን ጥረጉ፣ ውሃ አርከፍክፉ፣ ባልዲ አሸዋና ማጥፊያ አጠገባችሁ ይኑር። ብየዳው ሲያልቅ ቢያንስ 30 ደቂቃ አንድ ሰው እዚያው ይቆይ። ፍም ተደብቆ ቆይቶ ነው የሚነሳው።

ነዳጅም ያው ነው። ሞተሩን አጥፉ፣ እስኪበርድ ጠብቁ፣ ከዚያ ቅዱ። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢ ላይ እንኳ የሚቀጣጠል ተን ያወጣል፤ እኛ አገር ተን የማያወጣበት ቀን የለም። ታንኩን እስከ አፉ አትሙሉት። ቤንዚን በሃይላንድ ጠርሙስ አታስቀምጡ፤ ውሃ መስሎት የሚጠጣ ልጅ አለ። ነዳጅ በጠፋ ሰሞን ደግሞ ጄሪካን አልጋ ሥር ደርድሮ መተኛት ይቅር።

ዓይንና ሳንባ

ብልጭታው የሚያወጣው አልትራቫዮሌት ጨረር የዓይንን ፊት ያቃጥላል። ሕመሙ ወዲያው አይመጣም፤ ከሰዓታት በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ሌሊት፣ ዓይን ውስጥ አሸዋ የተበተነ ይመስላል። አብዛኛው በአንድ ሁለት ቀን ይሽራል። እስከዚያ ጨለማ ክፍል፣ ቀዝቃዛ ንጹሕ ጨርቅና ሐኪም ነው። የተቆረጠ ድንችም ሆነ ወተት ዓይን ውስጥ አታድርጉ፤ ኢንፌክሽን ይጨምራል። ለ2.5 እና ለ3.2 ኤሌክትሮድ የጥቁረቱ ቁጥር 10 የሆነ የብየዳ መስታወት ይስማማል። የፀሐይ መነጽር የብየዳ መነጽር አይደለም። ነጭ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ጨረሩን ያንጸባርቃል፤ ከጀርባችሁ የቆመውም ይጎዳል። የቆርቆሮ አጥሩ ቀዳዳ ላይ ደግሞ ሁልጊዜ የልጅ ዓይን አለ። አሮጌ ብርድ ልብስ ሳይሆን እሳት የማይዘው ሸራ ወይም ላሜራ አቁሙበት።

አጥር የሚሠራበት የተነከረ ቆርቆሮና ቧንቧ ላይ ዚንክ አለ። ሲበየድ ነጭ ጭስ ያወጣል። ያንን የተነፈሰ ሰው ማታ ላይ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል፣ ይቆረጥመዋል። ወባ ወይም ጉንፋን ይመስላል፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል። በያጆቻችን ወተት ይጠጣሉ። ወተት ይመግባል፤ ሳንባ ውስጥ የገባውን ጭስ ግን አያወጣም፤ የሚሄደው ወደ ሆድ ነው። የሚረዳው ዚንኩን ከሚበየደው ቦታ መፋቅ፣ ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል መቆም፣ ራስን ከጭሱ ማውጣትና ለብየዳ ጭስ የተሠራ ማስክ ማድረግ ነው። ስትፍቁትም ማስኩን አታውልቁ። የጨርቅ ማስክ አይበቃም።

አደጋ ሲደርስ

ከረንት የያዘውን ሰው በእጅ አትንኩ። በሞተር የሚሠራ ማሽን አንድ ጥሩ ነገር አለው፤ ማጥፊያው እዚያው ነው። ስለዚህ ሥራ ሳይጀመር ረዳቱን ጨምሮ እዚያ ያለው ሰው ሁሉ የሞተሩ ማጥፊያ የቱ እንደሆነ ይወቅ። ሞተሩ ሲጠፋ ሰውየውን በጀርባው አስተኙት፤ ካልተነፈሰ ደረቱን በፍጥነትና በኃይል ተጫኑ፤ እርዳታ እስኪመጣ አታቋርጡ። ደህና ነኝ ብሎ ቢነሳ እንኳ ሐኪም ይየው።

ጭስ የመታውን ሰው ወደ አየር አውጡ። ክፍሉ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ሞተሩን አጥፉ፤ በርና መስኮቱን ክፈቱ፤ ብዙ ጊዜ የሚያድነው ሰው ነው ተከትሎ የሚወድቀው። ክብሪት አጭሳችሁ አታሽትቱት። ወተትና እርጎም አይጠቅመውም። የሚያስፈልገው ኦክስጅን ነው፤ እሱ ያለው ጤና ተቋም ነው። ለሐኪሙ «ጄኔሬተር አጠገብ ነበር» ብላችሁ ንገሩ፤ ያን ካላወቀ ሌላ በሽታ ሊፈልግ ይችላል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የአዲስ አበባ እሳት አደጋ 939 ነው። አዲስ ሰፈር ላይ የቤት ቁጥርም የመንገድ ስምም ስለማይገኝ አንድ ሰው ዋናው አስፋልት ላይ ወጥቶ መኪናውን ይጠብቅ። አምቡላንሱ የሚዘገይ ከሆነ የማንን መኪና እንደምትጠቀሙ ጠዋት ሥራ ስትጀምሩ ተነጋገሩ።